የሆዳቸውን በሆዳቸው የያዙት መሪጌታ

መሪጌታ ልዑልቃል በደብሩ ክብረ በዓል ጠዋት፣ ቀኝ ጌታ ፍቅርተማርያም መወድስ ቅኔ እየተቀኙ ሳሉ፣ መቋሚያቸውን ለጎናቸው ሰው አስታቅፈው ከቅኔ ማኅሌቱ ጥለው ወጡ። ጎንደር ውስጥ እንዲህ ያለ ነገር እንዲሁ አይታለፍም። ቅኔ ሲነገር ሊቅ ቢያስነጥስ እንኳ ማስነጠሱ ይተረጎማል፤ ጥሎ ከወጣማ ባለቅኔው ወይ አገባብ ሰብሯል፣ ወይ ምሥጢር አፋልሷል፣ ወይ የሌላ ሰው ቅኔ ሰርቋል ማለት ነው። ቀኝ ጌታው የቅኔውን ሁለተኛ ቤት ጨርሰው ቀና ሲሉ ያዩት የአለቃቸውን ጀርባ ነበር፤ ያውም ሲጣደፍ። የቀሩትን ቤቶች እንዴት እንደጨረሷቸው እሳቸውም አያውቁ።

ሰው ሁሉ የመሰለውን አወራ። ቅዳሴው ሳያልቅ ወሬው ከደጀ ሰላሙ ወጥቶ አራዳ ገበያ ደረሰ። እውነቱን የምታውቅ አንዲት ሴት ብቻ ነበረች፤ የመሪጌታው ባለቤት ወይዘሮ ስንዱ። እሷ የምታውቀው እውነት ደግሞ በቅኔ ቤት የሚነገር ዓይነት አልነበረም። መሪጌታውን ያስሮጣቸው የቀኝ ጌታው አገባብ ሳይሆን አዘዞ ካለ መድኃኒት ቤት የተገዛ የሚያስቀምጥ ኪኒን ነው።

መሪጌታ ልዑልቃል በተማሪነታቸው ዘመን አኩፋዳ አንግተው የለመኑት የገብስ ቁራሽና የባቄላ ንፍሮ አንገታቸው ድረስ ሞልቷቸው ኖሯል። ሹመቱን ባገኙ ማግስት ከጥራጥሬ ጋር ተኳረፉ። ገብስ ለበቅሎ፣ ባቄላ ለበሬ፣ ጎመን ለቸገረው ነው ብለው አወጁ። በቤታቸው የሚበላው ነጭ ፉርኖ ዳቦ፣ ነጭ ፓስታ፣ በፍስክ ጥብስና ክትፎ ሆነ። በጾምም ቢሆን ፓስታ በስጎ እንጂ ሽሮ ከፊታቸው አይቀርብም። ስንዱ አንድ ቀን «ጎመን በጤና ይባል የለም?» ብትላቸው፣ «ጤናው አለኝ፤ ጎመኑን ለሌላ ስጪልኝ» ብለው ትሪውን ገፉት።

ሆድ ግን ሹመት አያውቅም። የመሪጌታው ሆድ መጀመሪያ ዘገየ፣ ቀጥሎ አኮረፈ፣ ኋላ ጭራሽ አድማ መታ። ወገባቸውን ሊሞክሩ በግቢው ጥግ ወዳለችው ሽንት ቤት ሲገቡ ቆይታቸው ከሰዓታት ጸሎት ይረዝማል። ስንዱ ደጅ ላይ ቆማ ሰው እንዳይመጣ ትጠብቃለች፤ የጠራቸው ሲኖርም «በጸሎት ላይ ናቸው» ትላለች። ይህም ፍጹም ውሸት አልነበረም፤ የማያውቁት ቅዱስ ሳይቀር ሲጠሩ ከውጭ ይሰማታል። ሆዳቸው በደረቀበት ሳምንት ተማሪ ሁሉ ደንቆሮ ነው፣ ዜማው ሁሉ የተሰበረ ነው። በለቀቃቸው ዕለት ያው ተማሪ፣ ያው ዜማ፣ ሸጋ ይሆናል። ተማሪዎቹ ምክንያቱን ስለማያውቁ በየዕለቱ ድምፃቸውን ሲያርሙ ይውላሉ።

ወደ ሐኪም ይሂዱ ብላ ስትለምናቸው ተቆጡ። ጳጳስ ከመቀመጫው ተነሥቶ እጅ የሚነሳቸው ሰው፣ አንዲት የትናንት ልጅ ሐኪም ፊት ቆመው «አልወጣ አለኝ» ሊሉ ነውን? በዚያው እሑድ ግን ዐውደ ምሕረት ላይ ቆመው፣ በሽታውን የደበቀ መድኃኒት እንደማይገኝለት፣ ኀጢአትም እንዲሁ መናዘዝ እንደሚያስፈልገው አስተማሩ። ሕዝቡ እልል አለ። ስንዱ ከሴቶች መቆሚያ ሆና ነጠላዋን እስከ አፍንጫዋ ሳበችው።

ኋላ የሚያውቃቸው ሰው በሌለበት አዘዞ ድረስ በባጃጅ ሄደው ኪኒኑን ገዙ፤ ለባለቤቴ ነው ብለው። ባለመድኃኒቱ ማታ ማታ አንድ አንድ ትውሰድ ብሏቸው ነበር። መሪጌታው ግን ማዘዣው ለከተማ ሆድ የተሠራ መሰላቸው። በኮሶ ያደገ ሰው በአንድ ፍሬ ይቀለድበታል እንዴ ብለው በበዓሉ ዋዜማ አራቱን በአንድ ጊዜ ዋጡ። ሌሊቱን ሆዳቸው ዝም አለ። የተነሣው ጠዋት፣ ቀኝ ጌታው «መወድስ» ብለው ሲጀምሩ ነው። ጉባኤ ቃና ቢሆን ኖሮ ምንም አልነበረም፤ ሁለት ቤት ናት፣ ሰው ጥርሱን ነክሶ ይችላታል። መወድስ ግን ስምንት ቤት ነው።

መሪጌታው በዚያው ቀን «ሆዴን አሞኝ ነው» ቢሉ ነገሩ እዚያው ባለቀ። አላሉም። ምን አይተው እንደወጡ ሲጠየቁ ረጅም ትንፋሽ ስበው «እግዚአብሔር ይፍታው፤ እኔ አልናገርም» ይሉ ጀመር። ከዚህ የከፋ ነገር የለም። የተነገረ ስሕተት አንድ ነው፤ ያልተነገረ ስሕተት ግን ሰሚው እንደወደደ ያበዛዋል። አንዱ ቀኝ ጌታው ግሥ አጥፍተዋል አለ፣ ሌላው ቅኔው የሟች መምህራቸው ነው አለ፣ ሦስተኛው ኑፋቄ አለበት አለ። ከቀኝ ጌታው ጉባኤ ተማሪ አንድ ሁለት እያለ ኮበለለ።

ስንዱ ይህን እየሰማች ባሏን ብትወቅስ፣ መልሳቸው የሆዳቸውን ነገር ካወጣች በቤቱ እንደማይተያዩ ነበር። እሷም የሆዷን በሆዷ ያዘች። በዚያ ቤት እንግዲህ ሁለት ሆድ ሞላ።

የኪኒኑ ኃይል ሲያልፍ ድርቀቱ ብሶ ተመለሰ። አሁን መሪጌታው ኪኒኑንም ፈሩት፤ ፊታቸው አመድ መሰለ። አንድ ጠዋት ከሽንት ቤቱ ባዶ እጃቸውን ወጥተው በረንዳው ላይ ተቀመጡና ሲያስቡ ቆዩ። ቀጥሎ ጥበበኛ ሰው እንደሚናገር ረጋ ብለው፣ «አንቺ ሂጂ» አሏት። «የኔ ነው በይ። ሴት ብትታመም ማንም አይገርመው።»

ማራኪ በኩል ወዳለ አንድ ክሊኒክ ሄደች። ሐኪሟ ዶክተር መሰረት የአይከል ልጅ ናት፤ ስትጠይቅ ከሰው ዓይን ዓይኗን የማትነቅል። ስንዱ ሆዷ እንደሚደርቅ ተናገረች። ዶክተሯ ከመቼ ወዲህ እንደሆነ ጠየቀቻት።

«ማክሰኞ ገብተው ምንም የለም። ትናንትም ገብተው… ገብቼ፣ ገብቼ ማለቴ ነው።»

«ሲያምጡ ደም ያያሉ?»

«የለም። ቆጣ ይላሉ እንጂ ደም እንኳ የለም።»

ዶክተር መሰረት አልሳቀችም። አልጋው ላይ አስተኝታ ሆዷን ዳበሰችው፤ የተባዘተ ጥጥ ይመስላል። ከዚያ ቀና ብላ፣ «ወይዘሮ ስንዱ፣ ይህ ሆድ ምንም አልጎደለውም። የታመመው ሆድ የማን ነው?» አለቻት።

ስንዱ ለብዙ ወራት ያጠራቀመችውን ያኔ አወጣችው። ተማሪውን፣ ፉርኖውን፣ አዘዞን፣ መወድሱን ሳይቀር ነገረቻት። ዶክተሯ እስክትጨርስ ሰማቻት። ሰውየው ራሳቸው ቢመጡ ደግ መሆኑን፣ ደም ቢያዩ ወይም ያለ ምክንያት ቢከሱ ግን በውድም በግድም መምጣት እንዳለባቸው አስጠነቀቀቻት። ቀጥላ የሚበሉትን ጠየቀች፤ ስንዱ ስትነግራት አንድም ቅጠል፣ አንድም ጥራጥሬ ሳትጠራ ጨረሰች።

«ባለቤትዎ ብቻቸውን የሚበሉ ይመስላቸዋል» አለች ዶክተሯ። «በትልቁ አንጀታችን ውስጥ ዓይን የማያያቸው ብዙ ባክቴሪያዎች ይኖራሉ። የእነሱ ቀለብ እኛ ፈጭተን የማንጨርሰው የምግብ አሰር ነው። እሳቸው ጥብስና ፉርኖ ሲበሉ፣ እነዚያ ጾማቸውን ያድራሉ።»

አሰሩ እንዴት እንደሚሠራም አስረዳቻት። ባክቴሪያዎቹ ሲበሉት ለአንጀቱ የሚስማማ ነገር ይሠራሉ፤ የተረፈውም ውሃ ይዞ ሰገራውን ያለሰልሰዋል። ገብስ፣ ባቄላ፣ ምስር፣ ሽምብራ፣ ቀይና ነጭ ሽንኩርት፣ ጎመን፣ ተልባ፤ ሁሉም ጓዳ ያለ ነገር ነው። ግን ቀስ በቀስ ይሁን አለች፤ በአንዴ ከተጫነ ሆድ ይነፋል። ውሃ በደንብ ይጠጡ፤ በእግራቸው ይሂዱ፤ ሲመጣባቸውም ለሰው አፍረው አይያዙት።

ስንዱ ቤት ገብታ የሰማችውን ስትነግራቸው መሪጌታው ዓይናቸውን እንደ ቀለበት አፈጠጡ።

«በእኔ ሆድ ውስጥ?»

«በሁሉም ሆድ ውስጥ።»

«በጳጳሱም?»

«ዶክተሯ ማንንም አልለየችም።»

የትኛው መጽሐፍ ላይ እንደተጻፈ ጠየቁ። እሳቸው ባነበቡት ላይ እንደሌለ ሲረጋገጥ ነገሩን ውድቅ አደረጉት። ጥቂት ቆይተው ግን ድምፃቸውን ዝቅ አድርገው፣ እነዚያ ሆድ ውስጥ ያሉት ሰዎች ነጭ ሽንኩርት ብቻ ቢሰጣቸው አይበቃቸውም ወይ አሏት።

ስንዱ አልተከራከረችም። በማግስቱ ፉርኖ አልገዛችም፤ የገብስ ቂንጬ አቀረበች። መሪጌታው ቢያጉረመርሙ፣ በሽተኛዋ እሷ መሆኗን አስታወሰቻቸው። የታዘዘላትን መብላት አለባት፤ በአንድ ቤት ሁለት ወጥ አትሠራም፤ ፉርኖ ካማራቸው ዳቦ ቤቱ ያለበትን ያውቁታል። መሪጌታው ለፉርኖ ተሰልፈው መታየት ከሞት አንድ ደረጃ ዝቅ ያለ ስለሆነባቸው እንደ ሰማዕት ዓይናቸውን ጨፍነው ቂንጬውን ጎረሱ። ቀጥሎ ምስር መጣ፤ ቀጥሎ ጎመን በነጭ ሽንኩርት። ሳይነግሯት ይደግሙ ጀመር።

ነገር ግን ልካቸውን የሚያውቁ ሰው አይደሉም። አንድ ቅዳሜ ስንዱ ገበያ ስትወርድ ሙሉውን የባቄላ ንፍሮ ድስት ብቻቸውን ጨረሱት፤ ጥቂቱ ጥቂት ከሠራ ብዙው ብዙ ይሠራል ብለው። ከቀትር በኋላ ሆዳቸው እንደ ከበሮ ተነፋ። ያን ቀን ጉባኤ አልዘረጉም። ከእልፍኙ የሚወጣው ድምፅ ግን አልተቋረጠም፤ ዜማው ግእዝ ነው እንዳይባል፣ ዕዝል ነው እንዳይባል፣ አራራይ ነው እንዳይባል፣ ተማሪዎቹ ደጅ ቁጭ ብለው እርስ በርስ ተያዩ። ስንዱ ስትመለስ «ቀስ በቀስ ብላኝ ነበር» ከማለት በቀር አልጨመረችም።

ከዚያ በኋላ በልክ በሉ። ውሃም ጠጡ። አንድ ማለዳ ከሽንት ቤቱ ቶሎ ወጡና ግቢው መካከል ቆመው ረጅም ሃሌ ሉያ አዜሙ። በዚያ ቀን ተማሪው ሁሉ ሊቅ ሆኖ ዋለ።

ሆዱ ሲፈታ ልቡም ይፈታል ብላ የጠበቀችው ስንዱ ተሳስታለች። መሪጌታው ድምፃቸው ሲመለስ ድፍረታቸውም አብሮ ተመለሰ። ጥለው የወጡበትን ቀን እንደ ገድል ያወሩት ጀመር፤ ለቅኔ ክብር ሲሉ ወዳጅነትን መሥዋዕት ያደረጉበት ቀን ሆኖ አረፈ። ይህም አልበቃቸውም። ስንዱ ክሊኒክ ስትገባ ጎረቤት አይቷት ኖሮ ቢጠይቃቸው፣ «ሆዷ ደርቆባት ነው፤ ጸልዩላት» አሉ። በሳምንቱ ከቅዳሴ በኋላ ካህኑ «ስለ እህታችን ስለ ስንዱ ሆድ» ብሎ ሕዝቡን አቡነ ዘበሰማያት አስደገመላት። ከዚያ በኋላ አራዳ ስትወጣ በርበሬ ሻጯ ሳትቀር ትመክራታለች፤ አንዷ ወተት በቅቤ ጠጪ ትላለች፣ ሌላዋ ድምፅዋን ሳትቀንስ እንዴት መቀመጥ እንዳለባት ታሳያታለች።

ገብስ ስትሸምት ቀኝ ጌታ ፍቅርተማርያምን ያገኘቻቸው እዚያው አራዳ ነው። ከስተዋል። ሰው ሲያዩ መንገድ ይቀይራሉ ይባል ነበር፤ ከእሷ ግን አልሸሹም።

«ታመሽ ሰነበትሽ አሉ ስንዱ። እግዚአብሔር ይማርሽ፤ እኔም በጸሎት አስቤሻለሁ» አሏት። ስንዱ መሬት ተከፍታ ብትውጣት በወደደች። ሊሄዱ ዘወር ካሉ በኋላ ተመልሰው፣ «ባልሽ ስሕተቴን ቢነግሩኝ አርመው ነበር። ሌሊት ሌሊት እያንዳንዱን ቃል አገላብጠዋለሁ፤ አላገኘሁትም። ያላወቅሁትን በምን ላርመው?» አሏት።

ገብሷን ተሸክማ ቁልቁል ስትወርድ ለካስ ውሸት የሚያደርቀው የዋሸውን ሰው ብቻ አይደለም ብላ አሰበች።

ነገሩ ደብሩን ሁለት ስለከፈለው ሽማግሌ ተነሣ። የሁሉም የነፍስ አባት የሆኑት አባ ምስጋናው ሁለቱን ሊቃውንት እሑድ ቀትር ላይ በመሪጌታው ቤት አገናኙ። ከደብሩ ሊቃውንት ሌሎች ሁለት ሽማግሌዎችም ነበሩ። ስንዱ ጠላ ትቀዳለች። ቀኝ ጌታው ካሣም ይቅርታም አልጠየቁም፤ ስሕተቴ በሽማግሌ ፊት ይነገረኝ፣ ሌላ አልሻም አሉ።

አባ ምስጋናው ወደ መሪጌታው ዞሩ። መሪጌታው ጉሮሯቸውን ጠረጉ፣ ካባቸውን አስተካከሉ፣ ወደ ጣሪያው አዩ።

«እንግዲህ ካስገደዳችሁኝ፣ በሦስተኛው ቤት ላይ አገባቡ ተሰብሯል» አሉ።

ቀኝ ጌታው ወደ እሳቸው ዞሩ። «መሪጌታ፣ ሦስተኛውን ቤት አልሰሙትም። ሁለተኛው ላይ ወጥተዋል።»

መሪጌታው ሦስተኛውን ከደጅ ሆነው ሰምተውት ሊሆን እንደሚችል፣ ቀጥሎም ሁለተኛው ላይ ሦስተኛው እንደሚሰበር ሊቅ አስቀድሞ እንደሚያውቅ ይናገሩ ጀመር። አባ ምስጋናው ይህን በሰላሳ ዓመት ሽምግልና ሰምተው አያውቁም፤ ግን እሺ እንደማለት ራሳቸውን ነቀነቁ። ቀኝ ጌታው አንገታቸውን ሲደፉ ስንዱ አየች። ማንቆርቆሪያውን ወለሉ ላይ አስቀመጠችው።

«አባ፣ እኔ ልናገር» አለች። «ቅኔው ምንም የለበትም። መሪጌታ ሆዳቸው ደርቆ አራት የሚያስቀምጥ ኪኒን ውጠው ነበር። ሽንት ቤት ነው የሄዱት። የታመመውም ሆድ የኔ አይደለም፤ የኔማ ጤነኛ ነው።»

መሪጌታው ቀሉ፣ ቀጥለው ጠቆሩ። ማንም አልሳቀም። ስንዱ የምትጠብቀው ቁጣ ነበር፤ ከቀኝ ጌታው አፍ የወጣው ግን ጥያቄ ሆነ።

«አራት?» አሉ ቀኝ ጌታው። «እኔ አምና ሁለት ዋጥሁ፤ ቤተ ክርስቲያኑን እንኳ ዞሬ አልጨረስሁም።»

ከሽማግሌዎቹ አንዱ ሳል መጣበት። ሌላው ጠላውን አንሥቶ መለሰው። አባ ምስጋናው መቋሚያቸውን ጉልበታቸው ላይ አጋድመው፣ ማንንም ሳያዩ፣ «ለመሆኑ ሐኪሟ ምን አለች?» ብለው ጠየቁ። ስንዱ ሁሉንም አየቻቸው። ዕድሜያቸውን ሙሉ ስለ ሰው ልጅ ድካም ሲያስተምሩ የኖሩ አምስት ሊቃውንት፣ አምስቱም ደርቀው፣ አምስቱም አፍረው፣ አንዱ የሌላውን ሳያውቅ ጎን ለጎን ሲቆሙ ኖረዋል። ገብሱን፣ ባቄላውን፣ ሽንኩርቱን፣ ውሃውን ተራ በተራ ነገረቻቸው። ቅኔ ሲነገር እንኳ እንዲህ ጸጥ ብለው አይሰሙም።

ፍርዱን መስጠት ብዙ አላስቸገረም። መሪጌታው በመጪው በዓል ያንኑ መወድስ ከመጀመሪያው እስከ መጨረሻው ቆመው እንዲሰሙ፣ ሲያልቅም «ይበል» እንዲሉ ተወሰነ። ምክንያቱ ለሕዝቡ እንዴት ይነገር የሚለው ግን ጊዜ ወሰደ። በመጨረሻ መፍትሔውን የሰጡት ራሳቸው ቀኝ ጌታው ናቸው፤ መሪጌታው በዚያ ቀን «ሕማመ ከርሥ» አግኝቷቸው ነበር ይባል አሉ። በግእዝ ሲጠራ የሆድ ሕመሙ ካባ የለበሰ መሰለ፤ መሪጌታው ሳይቀሩ ቀና አሉ።

በዓሉ ደረሰ፤ መሪጌታው ቆመው ሰሙ፤ ስምንተኛው ቤት ሲያልቅ «ይበል» አሉ። የቀኝ ጌታው ተማሪዎችም እንደሄዱት አንድ ሁለት እያሉ ተመለሱ። መሪጌታው ስንዱን ለሁለት ሳምንት ያህል አላነጋገሯትም፤ ያቀረበችውን ገብስ ግን አላኮረፉትም። ሲታረቁም ይቅርታ አልጠየቋት። ይልቅ ስለ ሆድ አስተማሪ ሆነው አረፉት፤ ሰርግ ላይ፣ ተዝካር ላይ፣ በሰው ሆድ ውስጥ ስለሚኖሩት የማይታዩ ፍጥረታት ራሳቸው መርምረው እንዳገኙት ያብራራሉ። ዶክተር መሰረትን አንድ ቀን እንኳ በስም አላነሷትም።

ወደ ወለቃ በሚወስደው መንገድ ከሰዓት በኋላ በእግር መሄድ ጀምረዋል፤ ስንዱም አብራቸው ትወጣለች። አንድ ቀን ከመንገዱ ዳር ሸክላ ሻጮች ጋ ሳይደርሱ ወደ ኋላ ቀረችባቸው። ምነው አሏት። ጉልበቷን ካመማት ሁለት ክረምት እንዳለፈው ነገረቻቸው።

«ገብስ ብዪበት» አሉና መንገዳቸውን ቀጠሉ።

ስንዱ ካባቸው እየራቀ ሲሄድ ቆማ አየችው። ሰኞ ጠዋት ነጠላዋን አጣፍታ ብቻዋን ማራኪ ወረደች። ዶክተር መሰረት ስታያት ወንበሩን ሳበችላት፤ ዛሬስ የማን ሕመም ይዛ እንደመጣች ጠየቀቻት። ስንዱ ተቀመጠችና ቀሚሷን እስከ ጉልበቷ ሰበሰበች።

«የራሴን» አለች።